ስለ ኮምፒውተሩ ሚሞሪ ከምሳ በፊት ይወሰንልን

ለተከበሩ አቶ ዓብዱላሂ፣
በፈላና በር የሰፈራችን ወጣቶች ማዕከል ኃላፊ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጤናዎን ይጠብቅልዎ፣ የተቀመጡበትንም ወንበር ያጽናልዎ፤ ከወንበሩ ሲነሱ አይቼዎት ስለማላውቅ ዱዓዬ ቀድሞ እንደተሰማ እገምታለሁ። እኔ በጊደር መጋላ ቅመም የምሸጥ፣ የዩሱፍ እናት ናፊያ ነኝ።

ልጄ ዩሱፍና የጎረቤቴ የሩቂያ ልጅ ሙባረክ ትምህርት ጨርሰው ሥራ ካጡ ወዲህ፣ ከዓስር ሰላት በኋላ በማዕከሉ ኮምፒውተር ጎን ለጎን ተቀምጠው የኳስ ጌም ይጫወቱ ነበር። ኮምፒውተሩ ሚሞሪው ትንሽ ስለሆነ ኳሱ ጎል አፍ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ልጆቹ ሚሞሪ ይጨመርልን ብለው ባመለከቱ ጊዜ እርስዎ ላሳዩን ደግነት ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ጉዳዩን ሳይንቁ ለኮሚቴ ስለመሩት አመሰግናለሁ። ኮሚቴው እንደ አገራችን ልማድ ከምሳ በኋላ በርጫ ላይ የሚሰበሰብበት ቤት ከቤቴ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ፣ ውይይታችሁን ሳልጋበዝ ተከታትያለሁ። ጫቱ ሥራውን ሲጀምር ሚሞሪው በሙሉ ድምፅ ይጸድቃል፤ ምርቃናው ሲያይል ደግሞ አዳራሽ ይሠራል፣ ኢንተርኔት ይገባል፣ ከድሬዳዋ ልጆች ጋር የጌም ውድድር ይከፈታል። በማግስቱ ጠዋት ዩሱፍ ቢሮዎ ሲመጣ ግን ጉዳዩ ገና በጥናት ላይ ነው። አንድ ጊዜ ቢሆን ዝም ባልኩ፤ ረመዳን እስኪገባ ድረስ ከሰዓት ስትወስኑ፣ ጠዋት ስትተዉ ከረማችሁ።

ሁለተኛ፣ ሚሞሪውን ራሴ ገዝቼ ላምጣ ብል፣ የግለሰብ ስጦታ ያለ ኮሚቴ ውሳኔ አይገባም በማለት ለደንብ ያለዎትን ክብር ስላሳዩኝ።

ሦስተኛ፣ ኮምፒውተር ለዕውቀት እንጂ ለጨዋታ አይደለም ብለው ስለመከሩን። ከሁሉም የበለጠ ሚሞሪ ያለው ኮምፒውተር የእርስዎ ቢሮ ውስጥ እንደሆነና ዘወትር ካርታ ተዘርግቶበት እንደሚውል ልጆቹ አይተዋል። ካርታ ለመጫወት ያን ያህል ሚሞሪ አያስፈልግም ይላሉ፤ እኔ ሙያው የለኝም።

ክቡር ሆይ፣ የጨዋታ ፍቅር ይዞኝ እንዳይመስልዎ። ልጆቹ ኮምፒውተሩ ፊት ሲጨቃጨቁ የት እንዳሉ አውቅ ነበር። ጨዋታው እየቆመ ሲያሰለቻቸው ከማዕከሉ ቀሩና ፈላና በር አጠገብ፣ ወጣቶችን ወደ ባሕር ከሚልክ ደላላ ጋር መቆም ጀመሩ። ሙባረክ ባለፈው ወር በጅግጅጋ በኩል ሄደ፤ እስከ ዛሬ አልደወለም። ዩሱፍ አልሄደም። ከቤት በወጣ ቁጥር ግን የትኛውን ጫማ እንዳደረገ አያለሁ፤ ጠንካራውን አድርጎ ከሆነ እስኪመለስ ሥራ አይያዝልኝም። ፈርቻለሁ። ልጅን አንድ ሚሞሪ ያስቀረዋል ብዬ አልምልም፤ ሌላ የሚያስቀምጠው ነገር ግን በዚህ ሰፈር አላየሁም።

ስለዚህ እሺም ይሁን እምቢ፣ ውሳኔው ከምሳ በፊት፣ ሁላችሁም ምርቃና ሳይዛችሁ እንዲሰጠን በትሕትና እለምናለሁ።

ዕረፍትዎን ላለማወክ ስትል ቢሮዎን ማንኳኳት ትታ በአደባባይ የጻፈችልዎ፣ ለወንበርዎ ዘወትር ዱዓ የምታደርግ አክባሪዎ፣

ናፊያ ዑስማን
ሐረር፣ ጥቅምት ፳፻፯ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ባለሙያ ኮምፒውተር ሲነካ በውስጡ ያለውን ሁሉ ያጠፋል ሲባል ሰምቻለሁ። በመስኮቱ በኩል ባለው ኮምፒውተር ላይ ሁለቱ ልጆች የጀመሩት ውድድር አለ፤ ዩሱፍ እንደነገረኝ ግማሽ ላይ ነው የቆመው። እባክዎ ማንም እንዳይነካው ይዘዙልኝ። ይህንንም ለኮሚቴ የሚመሩት ከሆነ፣ በርጫው ላይ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ የሙባረክ እናት ከሰዓት ከሰዓት ስልኳን ይዛ እኔ ቤት፣ በዚያው ግድግዳ ሥር ነው የምትቀመጠው።