ከፖምህ ዛፍ ሥር ያለው ቦታ

ታድዬ፣ የቤቴ ጌታ፤

አንተ ከተለየኸኝ ወዲህ ፖሙን ሁለት ጊዜ ለቅመናል። ዘንድሮማ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ነው ያፈራው፤ ታዴ የለም ብሎ አልቀነሰም፣ ጉደኛ! እኔም ደህና ነኝ። ማልቀሱ ቀንሶልኛል፤ አንዳንዴ ብቻ ቦት ጫማህን በር ላይ ሳየው ይመጣብኛል።

አሁን የምጽፍልህ ላማክርህ ነው። ልጅህ ሰላም ከተማ ካለው የኒደርራድ ቢሮዋ በመጣች ቁጥር፣ ከዞሰንሃይም ሰፈር ጀርባ ያለችውን እርሻችንን ለቮንቫገን እንክፈታት እያለች ትነዘንዘኛለች። ያን ጀርመኖች በመኪና እየጎተቱ ለእረፍት የሚሄዱበትን ቤት ታውቀዋለህ፤ ሰው እንዴት ከቤቱ ሲሸሽ ቤቱን ይጎትታል እያልክ ስንት ጊዜ ስቀህበታል! አምስት ቢቆሙ ይበቃናል፣ አንቺም ብቻሽን አትሆኚም ትለኛለች። ያውም በጀርመንኛ። ስትከራከር ቁርጥ አባቷን ናት።

ልቤ ግን እምቢ አለ። ደልዳላው ቦታ አንተ እሁድ እሁድ ከአዳራሹ አምልኮ ስንመለስ ጋደም የምትልበት ነው፤ የትልቁ ፖም ሥር። እዚያ ላይ የማላውቀው ሰው ወንበሩን ዘርግቶ ሊቀመጥ? እንዴት ተደርጎ!

እስቲ እንሞክረው ብላ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት አመጣችብኝ። ካንተ ዛፍ አርቄ አጥሩ ጥግ አስቆምኳቸው። እንግዳ ናቸውና ጠዋት ቂጣ ይዤ አንኳኳሁ። ምሳ ላይ ምስር ወጥ። ከሰዓት ሻይ። ማታም ልሄድ ስነሳ ሰላም ክንዴን ያዘችኝ። ለካ ሴትዮዋ ነግራታለች፤ ምግቡ ግሩም ነው፣ የመጣነው ግን ለጸጥታ ነበር ብላ። ታድዬ፣ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ! ይሄ ነገር ለኔ አይሆንም፣ ይቅር ብዬ ቆረጥኩ።

በማግስቱ ድምፄን አጥፍቼ ቤቴ ዋልኩ። አመሻሽ ላይ በሬ ተንኳኳ። ስጠፋባቸው ታምሜ መስሏቸው ኬክ ጋግረው ሊጠይቁኝ መጥተዋል! ጸጥታ ፈላጊዎቹ ሲያወሩ አመሹ። ፎቶህን አይተው እንዴት ያለ ሰው እንደነበርክ ጠየቁኝ።

ምን ልበልህ፣ ከለቅሶው ወዲህ ስለ አንተ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የኛ ሰዎች እንዳያስለቅሱኝ ብለው ስምህን ይዘሉታል። እኔ ግን ማውራት ነው የናፈቀኝ። ሳቅህን፣ ያን ማንኮራፋትህን፣ ጎመኑን እንደ ልጅ ማባበልህን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ሲሄዱም እንደ ልማዳችን እስከ አስፋልቱ በእግሬ ሸኘኋቸው፤ እነሱም ለኔ ብለው በዝግታ ነዱ።

እናም ወስኛለሁ፤ እንከፍታለን። ምግብ የማቀርበው በመጡበት ቀን ብቻ እንዲሆን ለሰላም ቃል ገብቻለሁ፤ ለመጠበቁ ጌታ ይርዳኝ። ያንተን ቦታ ላጥረው አስቤ ነበር፣ ተውኩት። ታጥሮ ቢቀመጥ ስለ አንተ ማን ይጠይቀኛል? እዚያ ጥላ ሥር ያረፈ ሁሉ ዛፉ የማን እንደነበር ከኔ ይሰማል። ዕድሜ እስከተሰጠኝ ድረስ፣ ስምህን ሳልነግረው የምሸኘው እንግዳ አይኖርም።

ያንተው አልማዝ