«ሁሉም አረንጓዴ ይብራ» ላሉት ዳይሬክተራችን

ይድረስ ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር፣

ጤናዎ እንደ ሪፖርትዎ ያማረ፣ እንቅልፍዎም እንደ ትእዛዝዎ የማይነቃነቅ ይሁን እያልኩ፣ ይህን ደብዳቤ በዋናው በር ላይ የለጠፍኩት በጸሐፊዎ በኩል የላክኋቸው ሁሉ መንገድ ላይ ስለቀሩ መሆኑን በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ።

አንደኛ፣ የላይኛው ፎቅ ሕሙማን የልብ ምት ታች በእኛ በነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ ባለው ስክሪን እንዲታይ፣ ስዊች የሚባሉ ሁለት የኔትወርክ ማገናኛ ሣጥኖች በሁለት ገመድ ተያይዘዋል፤ አንዱ በደረጃው፣ ሌላው በሊፍቱ ጎን ያልፋል። ሊጎበኙን በመጡ ጊዜ የአንዱ መብራት አረንጓዴ፣ የሌላው ብርቱካናማ ሆኖ አይተው «ይሄ ደግሞ ምን ሥራ ፈቶ ይቀመጣል?» ብለው ተቆጡ። ሰው ቀርቶ ገመድ እንኳ በዋዛ የማያልፈው አለቃ ስለሰጠን ፈጣሪን እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ የኔትወርክ ባለሙያችን ሊያስረዳዎ ሞክሮ ነበር። ሁለቱም ገመዶች ከተከፈቱ ለሁሉም መሣሪያዎች የተላከ መልእክት በአንዱ ሄዶ በሌላው ይመለሳል፤ የሚያስቆመው የለምና እየዞረ፣ እየተባዛ መንገዱን ሁሉ ይዘጋዋል። ስለዚህ ስዊቾቹ እርስ በርስ ተነጋግረው አንዱን ዘግተው፣ መብራቱን ብርቱካናማ አድርገው ያቆዩታል፤ የሚሠራው ሲበጠስ የተዘጋውን ይከፍቱታል። ቧንቧ ሠራተኛው በስህተት የደረጃውን ገመድ የቆረጠ ዕለት ያዳነችን ያቺ ሥራ ፈት ገመድ ነበረች፤ እርስዎ መበጠሱንም አልሰሙ። ለባለሙያው የሰጡት መልስ ግን «ሁሉም አረንጓዴ ይብራ» የሚል ነበር፤ እሱም ልጆች አሉትና ስዊቾቹ አንዱን ገመድ የሚዘጉበትን ጥበቃ አጠፋው። በሪፖርትዎ ላይ «የኔትወርክ አጠቃቀማችን በብዙ እጥፍ አድጓል» ብለው መጻፍዎን አንብበን ኮርተናል። ውሸት የለበትም፤ አንድ መልእክት ያለ ማቋረጥ ሲዞር ከሩቅ ለሚያየው ሥራ ይመስላል።

ሦስተኛውን ቅሬታ ብሎ መጥራት ይከብደኛል። ባለፈው ሳምንት፣ መብራቱ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ፣ በመስኮቱ በኩል የተኙት ልብስ ሰፊ ልባቸው ሲደክም እኛ ስክሪኑ ላይ አፍጥጠን ነበር። ስክሪኑ ደህና ናቸው ይለናል። መንገዱ ተዘግቶ ምስሉ ደርቆ መቅረቱን ያወቅነው ልጃቸው እየጮኸች ደረጃውን ስትወርድ ነው። ለጥቂት ተረፉ። ከዚያ ወዲህ ባለሙያው ስዊቾቹን አጥፍቶ ያበራል፣ ስክሪኑ ጥቂት ይሠራል፣ መልሶ ይደርቃል። መቼ እንደሚደርቅ የሚያውቅ የለም፤ ሲደርቅም ጤነኛ ይመስላል። እኛም ስክሪኑን ትተን በየተራ ደረጃውን እንሮጣለን፤ ለጤንነታችን ስላሰቡልን እግዜር ይስጥልን።

የአንዲት ብርቱካናማ መብራት መመለስን ብቻ የምለምን፣ አረንጓዴ ባየሁ ቁጥር ልቤ የሚርድ፣ ትእዛዝዎን አክባሪ፣
የልብ ሕሙማን ክፍል ነርስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እናትዎ ዛሬ ጠዋት እኛ ዘንድ ገብተው በመስኮቱ በኩል ያለውን አልጋ ሰጥተናቸዋል። እርስዎም ስክሪኑን አይተው «ተመስገን፣ ደህና ናት» ብለው ወደ ስብሰባዎ መሄድዎን ሰምቻለሁ። ልብስ ሰፊው ትናንት ድነው ቤታቸው ገብተዋል፤ ስክሪኑ ላይ ያዩት ልብ ግን የእርሳቸው ነው። የእናትዎን ለማወቅ ደረጃውን መውጣት ይኖርብዎታል።