ቢጫው ባንዲራ ምን ይላል

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ከትናንት ጀምሮ መቀመጥ አቅቶኛል። ስፌት መኪናው ላይ ቁጭ እላለሁ፣ እነሣለሁ፣ መስኮቱ ጋ ሄጄ ባሕሩን አያለሁ፣ እመለሳለሁ። እጄ ሥራ አልይዝ ብሎኛል።

በጓደኛህ የላክኸው መልእክት ደርሶኝ ነበር። ሐሙስ መርከባችሁ እንደምትገባ፣ የወደቡ ሁለተኛው በር ላይ እንደምትጠብቀኝና ልጄን ማየት እንደምትፈልግ። ላገባ ስል አይሆንም ብትለኝ «አባቴ አይደለህም» ካልኩህ ወዲህ፣ በአራት ዓመት ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃልህ ነው። ልጄን አዝዬ በጠዋት ወጣሁ። ቁልቁለቱ ላይ ስደርስ ግን መርከባችሁ ላይ ቢጫ ባንዲራ አየሁ። የመርከብ ባንዲራ መስፋት ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ስለ ቢጫው የማውቀው ጨርቅ ቆራጯ አሮጊት የነገረችኝን ብቻ ነው፤ የወረርሽኝ ነው፣ ሰው አይጠጋውም። ተመለስኩ። በማግስቱ መሃሉ ነጭ የሆነ ሰማያዊ ባንዲራ ተሰቅሎ አየሁ፤ ከሰዓት መርከቧ የለችም።

ትናንት አንድ የመርከብ መኮንን ቢጫ ባንዲራ ሊያሠራ መጣ። ስንት ሰው ታሞባችሁ ነው ብዬ ስጠይቀው ሳቀ። ድሮ የበሽታ ምልክት እንደነበረ፣ መርከቦች አርባ ቀን ተገልለው ይቆዩ እንደነበረ፣ ኳራንቲን የሚለው ቃል ራሱ ከጣልያኖቹ «አርባ» እንደመጣ አስረዳኝ።

«ዛሬ ግን ተገልብጧል» አለ። «ሁላችንም ጤነኞች ነን፣ እንድንገባ ፍቀዱልን ማለት ነው።»

ሰማያዊውንስ አልኩት። መርከበኞች «ብሉ ፒተር» ይሉታል አለኝ። ፒተር ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ገሚሱ ስሙ «እንደገና መነሣት» ከሚል የፈረንሳይኛ ቃል ነው ይላል፣ ገሚሱ ሌላ ይላል። መልእክቱ ግን አያከራክርም፤ ልንሄድ ነው፣ የቀራችሁ ግቡ። እሱን የሰፋሁት እኔው ልሆን እችላለሁ።

መቀሱን ጥዬ ወደ ሁለተኛው በር ሮጥኩ። ዘበኛው አልረሳህም። ከረፋዱ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሣጥን ላይ ተቀምጠህ፣ ልጅ ያዘለች ሴት ባለፈች ቁጥር ብድግ ትል ነበር አለኝ።

ወንድም ጋሼ፣ በባንዲራው ብቻ አላመካኝም። ሳየው ቀለል ብሎኝ ነበር። ዓይንህን እንዴት እንደማየው ጨንቆኝ ስለነበር፣ መመለሻ ምክንያት አገኘሁ።

በወሩ መጨረሻ ትመለሳላችሁ ተብሏል። ያሻው ቀለም ቢሰቀል እመጣለሁ። አንተ ቀስ ብለህ ውረድ፤ አሁን ተራው የኔ ነው፣ ሣጥኑ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ።

አባት ሆነህ ያሳደግካት
እኅትህ