«ከጎረቤቶችዎ በላይ ያባክናሉ» ላሉኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የኃይል ቁጠባ መረጃ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ፣ እንዲሁም የቢሮዎ ሙቀት፣ እንዴት ሰንብቷል? እኛ ከብርዱ በቀር ደህና ነን።

በየወሩ ቤቴን ከጎረቤቶቼ ጋር እያነጻጸሩ ስለሚልኩልኝ ባለቀለም ወረቀት ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሰው ፍጆታውን ካወቀ ይቆጥባል ብለው የጻፉትን ከልቤ ተቀብዬ ነበር። አምፖሎቼን ቀየርኩ፣ በበሩ ሥር የሚገባውን ነፋስ በጨርቅ ወተፍኩ፣ የውሃ ማሞቂያውን አጠፋሁ። ወረቀትዎ ግን «ከጎረቤቶችዎ በላይ ያባክናሉ» ማለቱን አልተወም። ስለዚህ አቤቱታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ላውንደሪ ቤት አለው፤ ካውያው ከጧት እስከ ማታ አይበርድም። «አርአያ ቆጣቢ» የሚለውን ተለጣፊ በሩ ላይ ያስለጠፉለት እርስዎ ነዎት። እሱም ምን እንዳደረገ ሳያውቅ አመስግኖ ተቀብሏል።

፪. «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላልና እኔም መጠርጠር ጀመርኩ፤ የጠረጠርኩት ግን መሥሪያ ቤትዎን ሳይሆን እናቴን ነው። ጉልበቷን ስለሚያማት ክፍሏ ውስጥ ትንሽ ማሞቂያ ነበራት። እንዳታበራው ለመንኳት፤ እሺ አለች። ወረቀቱ አሁንም ሲከሰኝ፣ ተደብቀሽ ታበሪያለሽ አልኳት። እሷም «ከእኔ ቃል ወረቀት ካመንክ፣ ወረቀቱ እናት ይሁንህ» ብላ ጓዟን ጠቅልላ እህቴ ቤት ገባች።

፫. ባለፈው ሳምንት ሶኬት ልጠግን ብዬ የቤቴን መብራት ከዋናው አጥፍቼ ወደ ጓሮ ብዞር፣ በስሜ የሚነበበው ቆጣሪ ይሽከረከራል። ቆጣሪ አንባቢዎ በሮቻችንን ከመንገዱ በኩል አይቶ፣ የግራው ቆጣሪ የግራው በር ነው ብሎ መዝግቧል። ቆጣሪዎቹ ግን የተሰቀሉት ከቤቱ ጀርባ ነው፤ ዞሮ ለሚያያቸው ሰው ግራው ቀኝ ይሆናል። ይህን ሁሉ ጊዜ የላውንደሪውን ካውያ በእናቴ ላይ ሲቆጥሩባት ኖረዋል።

ሂሳቡን ከጎረቤቴ ጋር ተሳስበናል፤ ጨዋ ሰው ነው። እርስዎን ግን አምኜዎት ነበር፤ ከወለደችኝ ሴት አስበልጬ አምኜዎት ነበር። የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። አቤት ባልኩ ጊዜም «መረጃው ለግንዛቤ ብቻ ነው» የሚል ምላሽ ሰጡኝ፤ ግንዛቤውን በሚገባ አግኝቻለሁ።

በመረጃዎ ብርሃን ቤቱ የጨለመበት አክባሪዎ፣
የግራው በር ነዋሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የእርምት ወረቀት እንዳይልኩ አደራ። ሰው ይላኩልኝ፤ መታወቂያውን አንጠልጥሎ እህቴ ቤት ይሂድና፣ የዋሸው ወረቀቱ እንጂ እሷ እንዳልነበረች ለእናቴ በአፉ ይንገራት። እኔ ብነግራት አታምነኝም። ማስረጃ ካላየሁ ቃልሽን አልቀበልም ያልኳት እኔ ነኝ፤ ያስተማሩኝ ደግሞ እርስዎ ነዎት።