የእትዬ ወለተ ኢየሱስ ውሻ

ቢቸና፣ መጋቢት 12 ቀን 1980 ዓ.ም

ለውዷ ባለቤቴ ለውበቴ፤

ከአንቺና ከልጃችን ከገብረ ሕይወት ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ፤ ግን አንቺ ውሸቴን ከሩቅ ታውቂዋለሽ። ጉልበቴ ቁልቁለት ስወርድ ያስቸግረኛል እንጂ አካሌስ ደህና ነው። እህትሽ ሰብለ ወንጌል እንዴት ናት? ዘንድሮ ሞጣ ውሃ አጥሯል ይላሉ፤ ልጁ እንዲያግዛችሁ ንገሪው፤ እንደ አባቱ ቁጭ ብሎ ወረቀት ብቻ አይይ።

በሁለት ዓመት አራት ደብዳቤ ጻፍሁልሽ፤ አንዱንም አልመለስሽልኝም። አልቀየምም። ይህን ግን እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። የምጽፍልሽ ስለ ውሻ ነው። ትስቂ ይሆናል፤ ውሻ በደጃችን ሲያልፍ ድንጋይ አነሳ የነበርሁት ሰውዬ ዛሬ ባለ ውሻ ሆኛለሁ።

ጎረቤታችን እትዬ ወለተ ኢየሱስ ጥር መጨረሻ ላይ አረፉ። ደረታቸውን ታመው ሁለት ሳምንት ተኙ፤ ከዚያ በላይ አልቆዩም። መከታ የምትባለዋ ቡናማ ውሻቸው ያለ ሰው ቀረች። የሚያበላት ሲጠፋ ገበያው ውስጥ ሥጋ ሻጮቹ ዘንድ ስትዞር ሰነበተች። የካቲት ላይ አንድ የእብድ ውሻ ሁለት ሰው ነከሰና ባለቤት የሌለው ውሻ ሁሉ እንዲገደል ታዘዘ። እኔም የቀበሌ ጸሐፊ ነኝና የተገደሉትን ቁጥር መዝግቤ እንዳመጣ ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ተላክሁ።

እዚያ የሚሠራው የሞጣው ልጅ አብዱሰመድ ነው፤ የነጋዴው የእንድሪስ ልጅ፤ አባቱን ታውቂያቸዋለሽ። ውሻ በባዶ እጁ አይነካም፤ ነክቶም እንደሆነ ሳይታጠብ አይሰግድም። ያም ሆኖ ዘጠኝ ውሻ ከብት በሚከተብበት አጥር ውስጥ አስሮ፣ ጓንት አጥልቆ ሲያበላቸው ሰንብቷል። አሥር ቀን ይጠብቃቸዋል፤ ጤነኛ የሆነውን ፈርሞ ለሚወስድ ሰው ይሰጣል፤ ፈላጊ ያጣውን መርዝ ይሰጠዋል። ሰባቱን ሰው ወስዷቸዋል፤ አንዱ ሞቷል። የቀረችው መከታ ነበረች።

«ጋሽ ወልደ ኪዳን፣ አሥር ቀኗን ዛሬ ጨረሰች» አለኝ። «ጤነኛ ናት። እርስዎ ካልፈረሙላት ግን ነገ እኔው ነኝ የምገድላት።»

ቅጹን ሰጠኝ። የወሳጁ ስም፣ የውሻው መልክ፣ የቀድሞ ባለቤት፣ መጨረሻው ላይ ምርመራ የሚል፣ ማስታወሻ የሚጻፍበት ዓምድ አለው። እዚያ ዓምድ ላይ ስደርስ ብዕሩን አስቀመጥሁት፤ አብዱሰመድ ውሻዋን የፈራሁ መስሎት አይዞዎት አለኝ።

ለምን እንዳስቀመጥሁት አንቺ ታውቂያለሽ። የምታውቂውን መልሼ መጻፌ ግር ይልሽ ይሆናል፤ ግን አንድ ጊዜ በራሴ እጅ ተጽፎ ይቀመጥ። በ1978 ከቀበሌያችን ስድስት ወጣቶች ለብሔራዊ ውትድርና ሲጠየቁ ዕጣው ለልጃችን ለገብረ ሕይወት ወጣ። ዝርዝሩን በንጹሕ የምገለብጠው እኔ ነበርሁ። የልጄን ስም በምላጭ ፍቄ የእትዬ ወለተ ኢየሱስን ልጅ የፋንታን ስም ጻፍሁበት። አባት የሌለው፣ ለእናቱ አንድ የሆነ ልጅ አይወሰድም ነበር፤ ስለዚህ ምርመራ በሚለው ዓምድ «ወንድም አለው» ብዬ ሞላሁ። ወንድም የለውም። አንቺ የተፋቀውን የወረቀት ብናኝ ጠረጴዛዬ ላይ አይተሽ ጠየቅሽኝ፤ ከላይ የመጣ ነው አልሁሽ። ፋንታ መኪና ላይ ሲወጣ እናቱ አንቺን አቅፈው አለቀሱ። በማግስቱ ልጁን ይዘሽ ሞጣ ሄድሽ።

ከሄድሽ በኋላ የሆነውን ግን አታውቂም። እትዬ ወለተ ኢየሱስ የልጃቸው ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ለኔ ነበር ይዘው የሚመጡት። አነብላቸዋለሁ፤ ሲነሡ «ልጅህን ከክፉ ይሰውርልህ» ብለው ይመርቁኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ አሜን አልሁ። ሳልነግራቸው ሞቱ። ቀብራቸው ላይ አፈር ሲመለስ ከሁሉ በላይ የጮኽሁት እኔ ነኝ፤ ሰውም እንዴት ያለ ደግ ጎረቤት ነው አለኝ።

በአብዱሰመድ ቅጽ ላይ «ልጃቸው ፋንታ እስኪመለስ በአደራ» ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁ። አንገቷ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረላትና ይዣት መጣሁ።

ሦስት ቀን የሰጠኋትን አልበላችም። ማለዳ ትወጣና የእትዬ ወለተ ኢየሱስ ደጅ ተኝታ ትውላለች፤ ሲመሽ ሄጄ አመጣታለሁ። በአራተኛው ቀን እንጀራ በወተት ነክሬ አጠገቧ ቁጭ አልሁ። በላች። ከዚያ እጄን ላሰችው፤ ያንኑ የጻፍሁበትን እጅ። ውበቴ፣ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም። ስለማታውቅ ነው ላሰችኝ ብዬ አሰብሁ፤ እሳቸውም ስለማያውቁ ነበር የመረቁኝ።

ያለፈው ሐሙስ ጠዋት መከታ ድንገት ተነሥታ እየጮኸች ወደ በር ሮጠች። ወጥቼ ባይ በሁለት ክራንች የቆመ ሰው እግር ሥር ትንከባለላለች። ፋንታ ነው። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም፤ ከሐኪም ቤት አሰናብተውታል። የእናቱን መርዶ ገና ከመኪና ሲወርድ ነግረውታል፤ ወግ ያለው ሰው ጠፍቶ መንገድ ላይ አረዱት። ወደኔ መጣና ክራንቹን ጥሎ ጉልበቴን ለመሳም ጎንበስ አለ፤ ልይዘው ስል ሁለታችንም ልንወድቅ ነበር።

«እናቴን ቀበሩልኝ፣ ደብዳቤዬን አነበቡላት፣ ውሻዋን አኖሩልኝ» አለኝ። «ጋሼ፣ ወንድም ቢኖረኝ ከዚህ በላይ አያደርግልኝም።»

ክራንቹን አንሥቼ አቀበልሁት።

አሁን የሚያድረው በገብረ ሕይወት አልጋ ላይ ነው። ልነግረው ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ምግብ አወራሁ። ፈሪ ነኝ፤ ይህን ከኔ ቀድመሽ አንቺ ደርሰሽበታል። አብሮ አደጉን ገብረ ሕይወትን ካላየሁ ስላለ ነገ ማለዳ ሞጣ በሚሄድ የጭነት መኪና ይሳፈራል። መከታንም ይዟት ይመጣል፤ ሰብለ ወንጌል እንዳትቆጣ ለምኚልኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ እሱ ነው። በሰው እጅ የሚላክ ደብዳቤ እኛ አገር አይታሸግም፤ ማሸግ መልእክተኛውን አለማመን ነው። እኔም አላሸግሁትም። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ያስቆጠርሁት እኔው ነኝ፤ ሲያነብ አይቸግረውም።

አንብቦት ከደረሰ ከፊቱ ታውቂዋለሽ። የሚለውን ሁሉ ይበል፤ ስለኔ አትማለጂ። ሳያነበው ከደረሰ ግን አንቺ አንብቢለት፤ ገብረ ሕይወትም ይስማ። ወደ ቤትሽ ተመለሽ ብዬ ዛሬ አልለምንሽም።

እመቤታችን አንቺንም ልጃችንንም ትጠብቅልኝ። ያ የእትዬ ወለተ ኢየሱስ ምርቃት ለኔ አይገባኝም፤ ለልጃችን ግን ይድረሰው።

ባልሽ ወልደ ኪዳን

ፋንታ፤ እዚህ ድረስ አንብበህ ከሆነ፣ መኪናው ደብረ ወርቅ ላይ ቆም ይላል። ወደ ቢቸና የሚመለስ መኪና እዚያው አይጠፋም። እኔ የትም አልሄድም፤ ቤት ነኝ።