ከምልክቱ ያልጎደለው የፍሬን ዘይት

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእታለም መብርሂት፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ የዓዲግራትን ብርድ ቻለው? እናታችን ትበላለች ወይስ አሁንም «በልቻለሁ» እያለች ትሸውዳችኋለች? ባለቤትሽ ገብረሃናን ያ ሳል ተወው? ትንሿ ሉሊስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ጥምቀት በሰላም አለፈላችሁ? እኛ እዚህ አዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ ሰፈር፣ ከእናንተ ናፍቆትና ከውሃው መጥፋት በስተቀር ደህና ነን፤ አምላክ ይመስገን።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ልጅሽ ዮሃና ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው። ሌላ ክፍል ሆናም ትሰማኛለች። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ስታዲየም አካባቢ የሚሠራው የአገራችን ልጅ ተወልደ ነው፤ ማክሰኞ ወደ እናንተ ይሳፈራል። ተወልደ ደግ ሰው ነው፣ ቢሆንም ሰው ነው። ስለዚህ ፖስታውን በማስቲሽ አሽጌ በማሸጊያው ላይ እፈርምበታለሁ። ፊርማዬ ተሰንጥቆ ከደረሰሽ ንገሪኝ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ልጅሽን ለማግባት ሽማግሌ ልላክ ስላለው ስለ ሔኖክ «አንተ አጥናውና ቃልህን ላክልኝ፣ ገብረሃናም እኔም የምንወስነው በዚያ ነው» ብለሽኝ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ አጠናሁት። የሚሠራው እዚሁ ሰፈራችን፣ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ነው። ይሄ ራሱ አልጣመኝም። ደግሞ ስገባ ይነሳል፣ ስወጣ ይነሳል። በዚህ ዘመን እንዲህ የሚነሳ ወጣት የሆነ ነገር ቢፈልግ ነው። ዮሃና «እኔን ነዋ የሚፈልገው» ብላ ትስቅብኛለች። እኔ ግን አልሳቅኩም።

የአባታችን ፒክአፕ እስከ ዛሬ አለች። ሰኞና ሐሙስ ዮሃና ወደ መሥሪያ ቤቷ ትነዳታለች፣ በቀረው ቀን እኔ የሱቄን ዕቃ እጭንባታለሁ። ከገና ወዲህ ፍሬኗ ሲረገጥ መስመጥ ጀመረ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ካልደጋገሙት አይዝም። ዘይቱም ጠቁሮ አድሮ የተገኘ ሻይ መስሏል። ካዛንቺስ የነበረው መካኒካችን ጋሽ ዘነበ ቢኖር ኖሮ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ግን እሱም ጋራዡን ነቅሎ ከተማ ዳር ወጥቷል፤ ያደግንበት ግቢ የነበረበትን ቦታ አሁን ብታዪው አታውቂውም። ሌላ ጋራዥ ደግሞ አልወስዳትም። ወንበር ይዤ ከመኪናዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ ብውል እንኳ፣ ሽንት ቤት ደርሼ እስክመለስ ደህናውን ዕቃ ፈትተው አሮጌ ይገጥሙልኛል። በስንቱ ሰው ላይ ሲደርስ ሰምቻለሁ።

ስለዚህ ግቢያችን ውስጥ እናድርገው አልኩ። ሔኖክ ይህን ሲሰማ «እኔ አግዝዎታለሁ» አለ። እጁ ሲሠራ ልየው ብዬ እሺ አልኩት። ዘይት አልገዛሁም። የዛሬ ሦስት ዓመት ጋሽ ዘነበ ራሱ መርጦ የገዛልኝ አንድ ሊትር የፍሬን ዘይት ነበረኝ። ያኔውኑ ከፍተን ትንሽ ወደ መኪናዋ ጨምረን ነበር፤ ከዚያ ክዳኑን በፌስታል ጠቅልዬ፣ በላስቲክ አስሬ፣ ዘይቱ የደረሰበትን ቦታ ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ አስምሬ ዕቃ ቤት አስቀምጬዋለሁ። አንድ ሰው ቢቀዳ ይታወቀኛል ብዬ ነው። ሔኖክ ጠርሙሱን አገላብጦ አይቶ «ተከፍቶ ስለቆየ እርጥበት ገብቶበታል፣ አዲስ ይሻላል» አለኝ። አየሽ? የመለዋወጫ ሱቅ ሠራተኛ አዲስ ይሻላል ይለኛል። «የጋሽ ዘነበን ዘይት ደፍቼ የአንተን ልትሸጥልኝ ነው?» አልኩት። ጠርሙሱን መልሶ ሰጠኝ።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁመን ጎማዎቿ ሥር ድንጋይ አደረግን። ሥራው ሦስት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ጋቢና ተቀምጦ ፍሬን ይረግጣል፤ አንዱ ሥር ገብቶ ከጎማው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ብሎን ላላ ጠበቅ እያደረገ አሮጌውን ዘይትና አየሩን በቀጭን ቱቦ ያስወጣል፤ አንዱ ደግሞ ከላይ፣ ከኮፈኑ ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ እንዳይደርቅ ይሞላል። ወገቤ ስለማይታጠፍ ሥር መግባት አልቻልኩም። ቢያንስ የመኪናዋ ቁልፍ በእጄ ይሁን ብዬ ጋቢና ገባሁ። ዮሃና ከላይ፣ ሔኖክ ከሥር ሆኑ። ያላሰብኩት ነገር ቢኖር ኮፈኑ ሲነሳ ከጋቢና ምንም እንደማይታይ ነው። ፊት ለፊቴ ቆርቆሮ ብቻ። «ይርገጡ» ሲለኝ እረግጣለሁ፣ «ይያዙት» ሲለኝ እይዛለሁ፣ «ይልቀቁ» ሲለኝ እለቃለሁ። በዚህ ዕድሜዬ የማላየው ሰው ሲያዘኝ ዋለ። ብሎኗን ሳያጠብቅ ይልቀቁ ቢለኝ አየሩ ተመልሶ ይገባል፤ ማጥበቁን በምን አውቃለሁ? ሁለት ጊዜ ወርጄ ሄጄ አየሁ። ሁለቴም አጥብቆ ነበር። ይሄም አልጣመኝም።

ከሩቁ የኋላ ጎማ ጀምረን አራቱንም አዳረስን። ፔዳሉ ጠጠረ፣ እሱን አልክድም። ግን ልብ ያልኳቸው ነገሮች አሉ። ሔኖክ የመሣሪያ ቦርሳውን ለአፍታ እንኳ ከአጠገቡ አላራቀም። ከዮሃና ጋር በሹክሹክታ ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ፣ ስወርድ ደግሞ ዝም ይላሉ። የወጣውንም ጥቁር ዘይት «እኔ ልጣልልዎት» ብሎ ይዞት ሄደ፤ ለእሱ ምን ያደርግለታል? የእኔን ጠርሙስ ዮሃና ቶሎ ብላ ወደ ዕቃ ቤት መለሰችው። እታለም፣ ይሄ ልጅ የሆነ ነገር ደብቆኛል። ከመኪናዋ ዕቃ ፈትቶ ይሁን ሌላ ነገር ይሁን አላውቅም፣ ግን ደብቆኛል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ይቆዩ። አባታችን ቢኖር እሱም እንዲህ ነበር የሚለው።

እዚህ ድረስ የጻፍኩት ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ዛሬ ሰኞ ነው፣ የቀረውን ደግሞ ስሚኝ።

ጠዋት ቄራ ጉዳይ ስለነበረኝ ዮሃና ወደ ሥራዋ ከመሄዷ በፊት ላድርስህ አለችኝ። የምትነዳው እሷ ናት። ቁልቁለቱን ስንወርድ ወደ ቄራ ከሚነዱት ሰንጋዎች አንዱ ገመዱን በጥሶ መንገዱ መሃል ገባ። በሬውስ ይሁን፣ ከኋላው ገመዱን ሊይዝ የሚሮጥ አንድ ሰውዬ ግራ ቀኝ ሳያይ ተከትሎት ገባ። ዮሃና ፍሬኑን ባላት ጉልበት ረገጠችው። መኪናዋ እዚያው ቀጥ አለች። ሰውየው ኮፈኑን በመዳፎቹ ተደግፎ ቆመ፣ ዓይን ለዓይን ተያየን። ፍሬኗ እንደ ድሮው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፍልሽ ሌላ ደብዳቤ ነበር። ትንፋሼ ሲመለስ «አየሽ የጋሽ ዘነበን ዘይት! እናንተ ደግሞ አዲስ ትላላችሁ» አልኳት። ልጅሽ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

በታክሲ ቤት ስመለስ፣ እንዲህ ያለ ዘይት ትራፊውም አይባክንም ብዬ ዕቃ ቤቱን ከፈትኩ። ጠርሙሱ ሙሉ ነው። ዘይቱ ያሰመርኩበት መስመር ላይ ነው፣ አንዲት ጠብታ አልጎደለችም። ደሜ ፈላ። ታዲያ መኪናዋ ውስጥ የገባው ምንድን ነው? ውሃ ነው? የምግብ ዘይት ነው? ለዮሃና ደውዬ መኪናዋን ካቆምሽበት እንዳታንቀሳቅሻት አልኳት። ያን ጊዜ አመነች። ሔኖክ ያልተከፈተ አዲስ ዘይት በመሣሪያ ቦርሳው ይዞ መጥቶ፣ እኔ ጋቢና ውስጥ ቆርቆሮ ሳይ እሷ ከላይ ያንን ስትሞላ ውላለች።

ምሳ ሰዓት ላይ ሔኖክን አስጠራሁት። ተቀመጥ አላልኩትም። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እሷን አይቆጧት» አለኝ። የፍሬን ዘይት ተከፍቶ ሲቆይ ከአየር ውሃ ይስባል፣ ፍሬኑ ሲግል ያ ውሃ እንፋሎት ይሆናል፣ ያኔ ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ባዶ ይረገጣል አለኝ። «ነግሬዎት ነበር፣ ልትሸጥልኝ ነው አሉኝ። ሰኞ ደግሞ የምትነዳት እሷ ናት» አለ። አላመንኩትም። እዚያው ፊቱ ለጋሽ ዘነበ ደወልኩ፣ በሦስተኛው አነሳ። ያ አንተ የገዛህልኝ ዘይት እስካሁን አለ፣ ልጨምረው ወይ አልኩት። «ተስፋለም፣ አብደሃል እንዴ? ሦስት ዓመት የተከፈተ ዘይት? ድፋው» አለኝ። የስልኬ ድምፅ ከፍ ያለ ነው፣ ሔኖክ ሰምቷል። እንዳልሰማ ሆኖ መሬት መሬት አየ። አዲሱን ዘይት የገዛበትን ገንዘብም እስካሁን አላነሳብኝም።

አፈርኩ እታለም። እውነቱን ልንገርሽ፣ በጣም አፈርኩ። ልጄን አደራ ብለሽ የሰጠሽኝ እኔን ነው፤ እኔ ግን በእልኬ ቁልቁለት ላይ ልጥላት ነበር። ዕድሜ ልኬን ዕቃ ይቀይሩብኛል ብዬ ስፈራ ኖሬ፣ ይኸው ቀየሩብኝ። ሰውየው ኮፈኑን ይዞ የቆመው ከዓይኔ አልጠፋ ብሎኛል።

ቢሆንም አትርሺ፣ ሸውዶኛል። በገዛ ግቢዬ፣ በገዛ እግሬ እያስረገጠ ሸውዶኛል። ልጅሽንም ተባባሪ አድርጓታል። ዛሬ በዘይት የሸወደኝ ነገ በሌላ እንደማይደግመኝ ዋስ የለኝም፣ ስለዚህ ዓይኔን ከእሱ ላይ አላነሳም። የቅዳሜውን ገጽ ልቅደደው ብዬ ነበር፣ ከዚያ ተውኩት፣ እንዳለ አንብቢው። አጥናው አልሽኝ፣ አጠናሁት። ቃሌ ይኸው፦ ሸዋጅ ነው። ልጅሽን ስጪው። ሽማግሌዎቹን ከዐቢይ ጾም በፊት እንቀበል።

እናቴን ጉልበቷን ሳሚልኝ፣ ደግሞም ሳህኗን ሳታዪ በልቻለሁ ስትል አትመኛት። ገብረሃናን ሳሉን እንዳይንቀው፣ ሐኪም ይየው በዪልኝ። ሉሊን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አጎትሽ ቦርሳ ገዝቶልሻል፣ ከሽማግሌው ጉዳይ በኋላ ይደርስሻል በያት። አንቺም ጉልበትሽን ከብርድ ጠብቂ፣ ጠዋት ጠዋት ውሃ አትንኪ።

ደብዳቤውን ተወልደ ዘንድ የሚያደርሰው ሔኖክ ነው፤ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ፖስታውን ክፍቱን ነው የምሰጠው። ማስቲሽ አልቆብኛል ብዬዋለሁ። አላለቀም።

ወንድምሽ ተስፋለም
አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ፣ ቡልጋሪያ
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.