ለወንድሜ ሐውልት የተነቀሉ ድንጋዮች

ግንቦት 11

የተማሪ ዩኒፎርም ኮሌታ ስሰፋ ዋልኩ። መርፌ ሁለቴ ተሰበረብኝ። ከሰዓት ከማዘጋጃ ቤት ሁለት ሰዎች መጡ። ሟቹ ወንድሜ «ለመሬት ጥበቃ ላበረከቱት አገልግሎት» ይከበራል አሉ። ሐውልት ይቆማል፣ ድንኳን ይጣላል፣ እኔ ደግሞ ቤተሰብ ወክዬ እናገራለሁ።

በሕይወት ሳለ አንድ ድንጋይ ያላቀበሉት ዛሬ ድንጋይ ሊያቆሙለት! ጎርፍ የቆረሰውን መሬት ሲደፍን ስለሚውል «ቦረቦር» እያሉ ሲስቁበት የነበሩት እነሱ አይደሉም? እሺ አልኳቸው። ሻይ ግን አላፈላሁም።

ግንቦት 13

ቀኑን ሙሉ ስለሱ ሳስብ ዋልኩ። ሳልወድ።

ከቤቴ በላይ ያለው ዳገት የአባታችን ነበር። ግማሹ የኔ ድርሻ። የስፌት ቤት ልሠራበት ነበር፣ ሰፋ ያለ፣ ብርሃን ያለው... እሱ ግን ሽማግሌ ሰብስቦ «ይሄ መሬት ከተቆፈረ አለቀለት፤ ይከለል» አለ። ታላቄ ነው፣ ሰው ፊት እምቢ ማለት ነውር ሆነብኝ። ፈረምኩ። ከዚያ ወዲያ እርከን ሠራበት፣ ሣር አለበሰው፣ ማንም ዝር እንዳይልበት ከለከለ። አንዴ አንድ እቅፍ ሣር ሳጭድ ደርሶ ጎረቤት እያየ ማጭዴን ቀማኝ። «ላንቺው ብዬ ነው» ይላል ደግሞ። ለኔ! ታምሜ ስተኛ እንኳ አንዴ ብቅ ብሎ ጠይቆኝ ወደ ዳገቱ ነው የሮጠው።

አልቅሼ አልቀበርኩትም። ሰው እንዳያማኝ ፊቴን ሸፈንኩ እንጂ።

ግንቦት 18

ዳገቱ ሥር ተሰበሰብን፦ የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ፣ መሐንዲሱ፣ የወንድሜ ሚስትና እኔ። መሐንዲሱ ሐውልቱ ከታች መንገዱ ዳር ይሁን አለ። የወንድሜ ሚስትም «ከታች» አለች። ኃላፊው ከሩቅ እንዲታይለት እላይ ፈለገ። «በእርስዎ ድርሻ በኩል ስለሆነ የእርስዎ ቃል ይበቃናል» አለኝ።

«እላይ ይሁን። መሀል ሣሩ ላይ» አልኩ።

ለምን? እንዲረገጥበት። ይኸው ነው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ግንቦት 25

ለድንኳኑ ብለው ሣሩን ገፈው መሬቱን ደለደሉት። ለሐውልቱ መሠረት ደግሞ ድንጋይ ከሩቅ ማስመጣት አላስፈለጋቸውም... የእርከኑን እየነቀሉ ነው። እሱ በትከሻው ተሸክሞ ያወጣውን! ግንበኛው «ድንጋዩ እዚሁ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ፤ ነፍሳቸውን ይማረው» ይለኛል። ሳቄ መጣ። ከዚያ ሳቁ የት እንደገባ እንጃ።

ማታ ላይ የወንድሜ ሚስት ቡራ ከረዩ እያለች መጣች።

«አንቺ ነሽ አሉ ፈቃዱን የሰጠሽው?»

«ብሰጥስ?»

«ያን እርከን ለማን የሠራው ይመስልሻል? ውሃው ሲመጣ ከሥር ያለው የማን ቤት ነው? የኔ እንደሆነ ማዶ ነው።»

«ባልሽም እንዲህ ሲያስፈራራኝ ነው የኖረው። ውጪልኝ!»

ወጣች። ወደ ስፌቴ ተመልሼ አንድ ሙሉ እጅጌ አበላሸሁ።

ሰኔ 1

ዘነበ።

ሰኔ 2

ውሃ ቤቴ ገባ። ዩኒፎርሞቹ ጭቃ በጭቃ። እሱስ ይታጠባል... የጎረቤቴ የነርሷ የመኝታ ክፍል ግድግዳ ግን አልጋዋ ላይ ተንዶ ተገኘ። የሌሊት ሥራ ገብታ ባትሆን ኖሮ... አልጽፈውም።

ጭቃውን አብረን ስንጠርግ «እህቴ፣ ይሄ ከየት መጣብን? እዚህ ስኖር እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅ» አለችኝ። እኔስ መቼ አየሁ? ስንቱን ክረምት ደረቅ ወለል ላይ ተኝቼ ተነሳሁ፣ ለምን እንደደረቀ ግን ጠይቄ አላውቅም። እኔ ነኝ ልበላት? ባልዲውን አንስቼ ጭቃ ልደፋ ወጣሁ። ክረምቱ ደግሞ ገና መግባቱ ነው።

ሰኔ 4

ኃላፊው ዘንድ ሄጄ ድንጋዩ ወደ ቦታው ይመለስ አልኩ። «ይሄ ሁሉ እንግዳ ተጠርቶ? ከዝግጅቱ በኋላ እናየዋለን እትዬ።» የወንድሜን ፎቶ ከወንበሩ በላይ ሰቅሎታል። ከዚያው ቢሮ ስንቴ ያባረረው እሱ ራሱ አይደል!

መሐንዲሱ እስከ በር ሸኘኝ። «እኔም ብዬ ነበር። የቤተሰብ ፈቃድ አለ እያሉ ዝም ያሰኙኛል። እርስዎ ፈቃድዎን ሰው ፊት ቢያነሱ ግን መሸሻ የላቸውም» አለኝ በቀስታ።

ሰው ፊት። ነርሷም ትመጣለች።

ሰኔ 8

የዝግጅቱ ቀን ደረሰ። ንግግሬን ራሳቸው ጽፈው ሰጡኝ። «ውድ ወንድሜ» ብሎ ይጀምራል። አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

«ይሄን ቦታ የመረጥኩት እኔ ነኝ» አልኩ ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ቆሜ። «ላከብረው አይደለም። ተናድጄበት፣ እንዲረገጥበት ብዬ ነው። ይኸው የነርሷ ቤት ፈረሰ። ፈቃዴን አንስቻለሁ፤ ሐውልቱን አፍርሱና ድንጋዩን መልሱ።»

ኃላፊው ማጨብጨብ ጀመረ። የተከተለው የለም። የታች ሰፈር ሰው ግር ብሎ ተነሳ፤ «ዛሬውኑ ይመለስ!» እያለ ከበበው። በጩኸቱ መሀል ነርሷን ፈለግኳት። ታየኛለች። እንዲያ አይታኝ አታውቅም።

ሰኔ 13

ኃላፊው ሳይወድ በግዱ ፈቀደ። ግንበኛው የሠራውን ራሱ አፈረሰ፣ እኔን እየረገመ። ሰፈሩ ሁሉ ድንጋይ ሲደረድር ሰነበተ፣ እኔም ጭምር። የወንድሜ ሚስት እርከን ታውቅበታለች። «ሰካ አድርጊው እንጂ! እንደ ጠባይሽ አታንጋድጂው» ትለኛለች። አፏን ብትዘጋ ደስ ይለኝ ነበር። ግን እንዳለችው አደረግኩ።

ስለ መሬቴ ይቅር አላልኩትም። ስለ ማጭዱም። ግን ናፈቀኝ፣ ምን ላድርግ? ድንጋይ ተሸክሜ ስወጣ እንባዬ መጣ። ላብ ነው ብዬ ጠረግኩት።

ዛሬ ከሰዓት ዶፍ ወረደ። በሬ ላይ ቆሜ ዳገት ዳገቱን ሳይ ነርሷም በሯ ላይ ወጣች። ሁለታችንም ጠበቅን። ጎርፉ አልመጣም። «ተመስገን» አልኳት። ዞር ብላ አየችኝና ገብታ በሯን ዘጋችብኝ።

እኔም ወንድሜ ከዳገቱ ሲወርድ እንዲሁ ነበር በሬን የምዘጋበት።